ያላነበብነውን ሕግ ማውገዝ

ንባብ፦ ዘጸአት 23፥1-9፤ የሐዋርያት ሥራ 19፥23-41



ዛሬ የምጽፈው ለአንዳንዶቻችን የሚመች አይደለም። ማንን እንደምትመርጡ ልነግራችሁ አልተነሣሁም። የምጽፈው ስለ አንደበታችን ነው፤ አንደበት ስል ደግሞ በዚህ ዘመን አውራ ጣታችንንም ይጨምራል። እሑድ ጠዋት እጃችንን አንሥተን ጌታን የምናመልክ ሰዎች፣ ሰኞ ማታ በዚያው እጅ ስለ ስደተኛ የተወራ፣ ያላነበብነውንና ያላጣራነውን ነገር ለመቶ ሰው ስንበትን እናመሻለን። ይህ ኃጢአት ነው። ስሙን ለውጠን «መረጃ ማካፈል» ብንለውም ኃጢአትነቱ አይቀርም።

አባቶቻችን ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይላሉ። እኛም ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በሦስት ቀን የተቀበረ ረቂቅ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2024፣ እሑድ ማታ፣ በአሜሪካ ሴኔት አንድ ረቂቅ ሕግ ይፋ ሆነ። 370 ገጽ ነው። ለዩክሬንና ለእስራኤል የሚሰጥ እርዳታም ነበረበት፤ ሕዝቡን ያነጋገረው ግን ስለ ድንበርና ስለ ስደተኞች የያዘው ክፍል ነው። አንድ ሪፐብሊካን፣ አንድ ዴሞክራትና አንዲት የግል ተመራጭ ሴናተር ለወራት ተቀምጠው የተደራደሩበት ሰነድ ነው። ረቡዕ ፌብሩዋሪ 7 ቀን ረቂቁ ለውይይት እንዲቀርብ ድምፅ ተሰጠ። 49 ደገፉ፣ 50 ተቃወሙ። ለማለፍ 60 ያስፈልግ ነበር። እሑድ የተወለደው ረቡዕ ተቀበረ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት 370 ገጽ የሕግ ቋንቋ ያነበበ ስንት ሰው ነው? የጮኸውስ ስንት ነው?

በጣም ከተዛመቱት ወሬዎች አንዱ ይህ ነበር፦ ሕጉ በየቀኑ 5,000 ሕገ ወጥ ስደተኛ ወደ አገር እንዲገባ ይፈቅዳል። አጭር ነው፤ ያስቆጣል፤ ለማስተላለፍም ይመቻል። እውነት ግን አልነበረም። ረቂቁ የሚለው ሌላ ነው። ድንበር ላይ የሚያዙት ሰዎች ቁጥር የሰባት ቀን አማካዩ በቀን 4,000 ሲደርስ፣ መንግሥት ድንበሩን በአስቸኳይ የመዝጋት ሥልጣን ይኖረዋል። አማካዩ 5,000 ሲደርስ፣ ወይም በአንድ ቀን ብቻ 8,500 ሲሆን፣ የመዝጋት ግዴታ ይኖርበታል። ከዚያ ቁጥር በታች ያሉትም ዝም ብለው የሚያልፉ አልነበሩም፤ ረቂቁ የጥገኝነት መስፈርቱን ከፊተኛው ይልቅ አጥብቆት ነበር።

አሁን ቁጥሩን ራሳችን እናስላው። ረቂቁ ከመውጣቱ በፊት፣ በዲሴምበር 2023፣ በደቡቡ ድንበር ከመግቢያ ኬላዎች ውጭ ሲሻገሩ የተያዙት ሰዎች ወደ 250,000 ይጠጋሉ። ለ31 ቀን ሲካፈል በቀን ከ8,000 በላይ ነው። በዚያ ቁጥር ቢቀጥል ኖሮ፣ ሕጉ ሥራ ላይ እንደ ዋለ የመዝጋት ግዴታው ወዲያው ይመጣ ነበር። በሩን ለመዝጋት የተቀመጠው ቁጥር፣ በሩን ለመክፈት እንደ ተቀመጠ ተደርጎ ተወራ ማለት ነው። የድንበር ጠባቂዎቹ የሠራተኛ ማኅበር እንኳ ረቂቁን ደግፎት ነበር።

ልብ በሉ፤ ረቂቁ ጥሩ ነበር እያልሁ አይደለም። በእኔ እይታ፣ ነፍሱን ለማዳን ሸሽቶ ጥገኝነት ለሚጠይቅ ሰው በሩን ከሚገባው በላይ ያጠብብ ነበር። የካሊፎርኒያው ሴናተር አሌክስ ፓዲላም ከዚያኛው ወገን ሆነው በዚሁ ምክንያት ተቃውመውታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው፦ ረቂቁ የተወገዘው በሚለው ነገር ሳይሆን በማይለው ነገር ነው። የወገዙትም ዓለማውያን ብቻ አልነበሩም፤ ከእኛም ብዙዎች ነበሩበት።

ከተደራዳሪዎቹ አንዱ የኦክላሆማው ጄምስ ላንክፎርድ ናቸው። ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት ለዓመታት የባፕቲስት ወጣቶች ካምፕ የመሩ፣ ወግ አጥባቂ ክርስቲያን ናቸው። በሴኔቱ ፊት ቆመው እንደ ተናገሩት፣ አንድ ታዋቂ ተንታኝ የረቂቁን ይዘት ሳያውቅ አስቀድሞ አስጠንቅቋቸው ነበር፦ በዚህ በምርጫ ዓመት የድንበሩን ችግር የሚፈታ ሕግ ለማሳለፍ ቢሞክሩ፣ እርሳቸውን ለማጥፋት የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግ። ይዘቱን ሳያውቅ! ጠቢቡ በምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት እንዲሆንበት አስተምሮናል። እዚህ ግን ሳይሰማ የመለሰው ሰው አላፈረም፤ ያፈሩት የደከሙት ሰዎች ናቸው።

የኤፌሶን ጩኸት

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 19 ላይ የብር አንጥረኛው ድሜጥሮስ አለ። የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል በብር እየሠራ ብዙ የሚያተርፍ ሰው ነው። የጳውሎስ ስብከት ገበያውን አቀዘቀዘበት። ድሜጥሮስ ለሠራተኞቹ ሲናገር ከኪሱ ጀመረ፤ ቀጥሎ ግን ሃይማኖትን አነሣ፤ የታላቂቱ አምላካቸው ክብር ሊዋረድ ነው አላቸው። ከተማው ተደበላለቀ። ሕዝቡ ወደ ጨዋታው ስፍራ ሮጠ። ሁለት ሰዓት ያህል በአንድ ድምፅ ጮኹ። ሉቃስ አንድ አስደናቂ ነገር ይጨምራል፦ ከተሰበሰበው ሕዝብ አብዛኛው የመጣበትን ምክንያት እንኳ አያውቅም ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን ምዕራፍ ስናነብ ሁልጊዜ ራሳችንን ከጳውሎስ ጋር እናቆማለን። ዛሬ ግን እስቲ ጨዋታው ስፍራ ውስጥ ራሳችንን እንፈልግ። ያ የተቆጣ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ ከኋላው አንድ ድሜጥሮስ እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በተመልካች ብዛት ገንዘብ የሚያገኝ አለ። በቁጣችን ድምፅ የሚሰበስብ ፖለቲከኛ አለ። እነርሱ ትርፋቸውን ያውቃሉ። ስለ ምን እንደሚጮኽ የማያውቀው፣ ከኋላ የሚሮጠው ነው። የሚያሳዝነው፣ ድሜጥሮስ እንዳደረገው ሁሉ የዛሬዎቹም ትርፋቸውን በሃይማኖት ልብስ ሸፍነው ያመጡታል፤ እኛም ልብሱን አይተን «አሜን» እንላለን።

በዚያ ቀን ልብ ያለው ሰው የከተማው ጸሐፊ ብቻ ነበር፤ እርሱም አማኝ መሆኑ አልተጻፈም። ያለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ አትቸኩሉ፤ ክስ ያለው ፍርድ ቤት አለ፤ ሌላ ጥያቄ ያለውም በሕጋዊ ጉባኤ ይጠይቅ። አንድ የአሕዛብ ጸሐፊ የነበረውን ያህል ማስተዋል መንፈስ ቅዱስ የሚያድርብን እኛ ካጣን፣ ምን ዓይነት ምስክርነት ነው የያዝነው?

መቃወም መብት ነው፤ ሐሰት ግን አይደለም

«ታዲያ ክርስቲያን ሕግን አይቃወም ማለትህ ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ሕዝብ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብቱ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2007 ፕሬዝዳንት ቡሽ የደገፉት ትልቅ የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ለድምፅ ሲቀርብ፣ ከሕዝቡ የጥሪ ብዛት የተነሣ የሴኔቱ የስልክ መስመር መሥራት አቃተው። ረቂቁ 46 ለ53 ወደቀ። በውጤቱ እናዝን ይሆናል፤ ስልክ መደወል ግን ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ ያለው ስልኩን ስናነሣ በምንናገረው ነገር ላይ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱሳችንም የሕግ ማሻሻያ ጥያቄ አለ። ዘኍልቍ 27ን አንብቡ። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛር፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆሙ። ስም አላጠፉም፤ አልተሳደቡም። አባታችን ሞቷል፣ ወንድ ልጅ የለውም፣ ስለዚህ ስሙ ለምን ይጠፋል፣ ርስት ስጡን አሉ። ሕጉ የጎደለው የት ላይ እንደ ሆነ ያውቁ ነበር። እግዚአብሔርም ልክ ናቸው አለ፤ ሕጉም ተጨመረ። አቤቱታ ማለት ይህ ነው። እውነትን ይዞ፣ ስምን ሳይደብቅ፣ ፊት ለፊት።

ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2013 ሴኔቱ ሰፊ የኢሚግሬሽን ማሻሻያ በ68 ለ32 አሳለፈ። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ሳያየው ቀረ። ያ ረቂቅ ወረቀት ለሌላቸው ሚሊዮኖች ወደ ዜግነት የሚያደርስ መንገድ ይሰጥ ነበር። በዚያው ረቂቅ ውስጥ ግን ዲቪ ሎተሪ እንዲቀር ተጽፏል። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ቤተሰቡን አስቦ «ይህን ክፍል እቃወማለሁ» ያለ ሐበሻ ቢኖር፣ ልክ ነው አልነው አላልነው፣ ቢያንስ አንብቧል። ያላነበበው ግን ሲደግፍም ሲቃወምም የሌላ ሰው ማስተጋቢያ ነው።

ለወዲያኛው ወገንም የምለው አለኝ። ጥብቅ ድንበር የሚፈልገውን ወንድም ሁሉ «ዘረኛ» ብሎ መጥራት እንዲሁ የሐሰት ምስክርነት ነው። ደመወዙ እንዳይቀንስ የሚፈራ ሠራተኛ አለ። የሕገ ወጥ አሻጋሪዎች ጭካኔ የሚያስጨንቀው አለ። መንግሥት ሥርዓት የማስጠበቅ ኃላፊነት ከእግዚአብሔር እንደ ተሰጠው ከሮሜ 13 አንብቦ የሚያምን አለ። ዘጠነኛው ትእዛዝ ለእኛ ወገን ሲሆን የሚላላ አይደለም።

እኛ የገባንበት በር

አሁን በተለይ በአሜሪካ ላለነው ሐበሾች ልናገር።

በደርግ ዘመን ወደ ሱዳን በእግሩ ተሻግሮ፣ ካምፕ ውስጥ ቆይቶ አሜሪካ የገባው ወገናችን እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ ነው የተስተናገደው። ዲቪ ደርሶት የመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በአገራችን ጦርነትና ችግር በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ጊዜያዊ ከለላም መሠረቱ ያው የ1990 ሕግ ነው። እነዚህ ሕጎች ከሰማይ አልወረዱም። በምክር ቤት ረቂቅ ነበሩ፤ ተቃዋሚ ነበራቸው፤ ድምፅ ተሰጥቶባቸው ነው ያለፉት። የማያውቀን ሰው ስለማያውቀን ሕዝብ እጁን አነሣ፤ እኛም ገባን።

ዛሬ ታዲያ ገብተን ከተቀመጥን በኋላ፣ በቴሌግራም ቡድናችን «ስደተኛ አገሩን አጠፋው» የሚል ቪዲዮ የምንቀባበል እኛ ነን? ከቪዲዮው ሥር «በትክክል ተናገረ» ብሎ የሚጽፈው የትናንቱ ጥገኝነት ጠያቂ ነው? ዘጸአት 23፥9 ለእስራኤል የሚሰጠው ምክንያት እኛን በቀጥታ ይነካናል፦ ስደተኛን እንዳያስጨንቁ የታዘዙት የስደተኛን ነፍስ በራሳቸው ስለሚያውቁት ነው። ያላወቀ ሰው ቢጨክን አላወቀም ይባላል። ያወቀ ሰው ሲጨክን ግን ምን ይባላል?

«እኔ በሕግ ነው የመጣሁት» የሚል መልስ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ጥሩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሁለት ነገር አስብ፣ ወንድሜ። አንደኛ፣ ጥገኝነት መጠየቅም በሕግ የተጻፈ መብት ነው፤ ጠያቂው ሁሉ ሕገ ወጥ አይደለም። ሁለተኛ፣ አንተ የገባህበት ሕግ ባይኖር ኖሮ አንተስ ማን ትባል ነበር? ሕግን የምትወድ ከሆነ የሕግ ማሻሻያ ሲመጣ አንብበህ መርምር እንጂ፣ «ማሻሻያ» የሚለውን ቃል እንደ ሰማህ ድንጋይ አታንሣ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ጌታም በማቴዎስ 7 ይህንኑ አስተምሮናል።

ነህምያን የሚጠቅሱም አሉ። እውነት ነው፤ ነህምያ ቅጥር ሠርቷል። ግን ምዕራፍ 4 ላይ አትቁሙ፤ ወደ ምዕራፍ 5 ዝለቁ። ቅጥሩ በሚሠራበት ወቅት የድሆች ጩኸት ተነሣ፤ እርሻቸውን አስይዘው፣ ልጆቻቸውን ለባርነት ሰጥተው ነበር። ነህምያ «ቅጥሩ ይለቅ፣ እናንተ ጠብቁ» አላለም። ተቆጣ፣ ታላቅ ጉባኤ ጠራ፣ አለቆቹን ፊት ለፊት ገሠጸ፣ የወሰዱትን አስመለሰ። ነህምያን ለቅጥር ብቻ የሚጠቅስ ሰው ግማሽ ነህምያ ነው የያዘው።

እረኞች ሆይ

የላይፍዌይ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ያሉ ወንጌላውያንን ስለ ስደተኞች ያላችሁን አስተሳሰብ ከሁሉ ይልቅ የቀረጸው ምንድን ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ነው ያሉት 12 ከመቶ ብቻ ናቸው። እስቲ አስቡት፤ መጽሐፍ ቅዱስ የእምነታችን የመጨረሻ ሥልጣን ነው ከሚለው ሕዝብ፣ በዚህ ጉዳይ ከመጽሐፉ ይልቅ ሌላ ነገር የሚመራው 88 ከመቶ ነው።

ይህ የምእመናን ጥፋት ብቻ አይደለም። መድረኩ ዝም ሲል ስልኩ ይሰብካል። ዘሌዋውያን 19፥33-34 ስደተኛን እንደ አገር ተወላጅ እንድናይ፣ እንደ ራሳችንም እንድንወድደው ያዝዛል። ሚልክያስ 3፥5 መጻተኛን የሚያጣምሙትን ከመተተኞችና ከአመንዝሮች ጋር አንድ ላይ ይቆጥራል። በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ነው ይህ ከመድረክ የሚሰማው? ስለ ቪዛ በረከት የሚጸልይ አገልጋይ ሞልቷል። «ቪዛህ ተለቀቀ» የሚል ትንቢትም አላጣንም። ቪዛ ስላጣው ሰው ክብር የሚያስተምረው ግን ጥቂት ነው። መጋቢዎች ሆይ፣ ፓርቲ አትስበኩ፤ ግን ሙሴንና ነቢያትን፣ ጌታንም በማቴዎስ 25 ያለውን፣ ሳትቆርጡ ስበኩ። ከዚያ በኋላ ምእመኑ ረቂቁን ሲያነብ የሚመዝንበት ሚዛን በእጁ ይኖረዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከማስተላለፋችሁ በፊት አንብቡ። ሕጉን በሙሉ ማንበብ ካልቻላችሁ፣ የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም ስሙ። ምሳሌ 18፥17 በክርክር ፊተኛው ትክክለኛ እንደሚመስል፣ ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ መሆኑን ያስጠነቅቀናል። ባልንጀራው እስኪመጣ መቆየት ያልቻለ ሰው ዳኛ ሊሆን አይገባውም።

ሁለተኛ፣ የምትቃወሙ ከሆነ በስማችሁ ተቃወሙ። ለእንደራሴያችሁ ጻፉ፣ ደውሉ። የምትቃወሙት የትኛውን አንቀጽ እንደ ሆነና ለምን እንደ ሆነ ተናገሩ። የውሸት ስም ባለው አካውንት ስድብ የሚጽፍ ክርስቲያን ሊኖር አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሐሰት አስተላልፋችሁ ከሆነ አጥፍታችሁ ብቻ አትለፉ። ዘኬዎስ ከዛሬ ጀምሮ አልሰርቅም ብቻ አላለም፤ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሣ። ወሬውን ለሦስት መቶ ሰው ቡድን ከላካችሁ፣ እርማቱንም ለዚያው ለሦስት መቶ ሰው ላኩ። ያሳፍራል፤ ግን ንስሐ በስውር ብቻ የሚፈጸም አይደለም።

አራተኛ፣ ስለ አንድ ሕግ አስተያየት ከመስጠታችሁ በፊት ሕጉ የሚነካውን አንድ ሰው በስሙ እወቁ። ከጉባኤያችሁ የጥገኝነት ቀጠሮውን ዓመታት የሚጠብቅ እኅት ወይም ወንድም ላይጠፋ ይችላል። አብራችሁ ጸልዩ። ለቀጠሮው ሸኙት። ከዚያ በኋላም ብትቃወሙ፣ ቢያንስ ቃላችሁ ይለዝባል።

በመጨረሻ፣ ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ቃል አለኝ። በእኛ ገጽ ላይ የምታዩት ቁጣ የክርስቶስ ፊት እንዳይመስላችሁ። ክርስቶስ በሕፃንነቱ ከንጉሥ ሰይፍ ሸሽቶ በግብፅ ስደተኛ ነበር። ኤፌሶን 2 እንደሚነግረን ደግሞ እኛ ሁላችን፣ ጥቁሩም ነጩም፣ ግሪን ካርድ ያለውም የሌለውም፣ በእግዚአብሔር መንግሥት ፊት መጻተኞች ነበርን፤ የምናቀርበው ወረቀትም አልነበረንም። እርሱ በደሙ የሚለየንን ግድግዳ አፈረሰ፤ የቤተ ሰቡም አባላት አደረገን። ይህን ያህል ምሕረት ተቀብሎ የገባ ሰው፣ ደጅ ስለ ቆመው ሰው ሲናገር ቢያንስ እውነት መናገር ይጠበቅበታል።

ጌታ አንደበታችንን ይጠብቅ። ጸጋው ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።